ፓውደር ኮት የተቀባ አረር ከሳይለንሰር ጋር ይሄዳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች የመጡት በሙሉ ከአሜሪካ ነው። ለአደንና ለኢላማ የሚተኩሱ፣ አረራቸውንም ጋራዥ ውስጥ ራሳቸው የሚሠሩ አንባቢዎች አሉን። ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እርሳስ ይቀልጣል፣ ሞልድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ አረር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚቀባበት ደረቅ የዱቄት ቀለም ይለብስና ኦቨን ውስጥ ይጋገራል። ፓውደር ኮት የሚባለው ይሄ ነው። ሳይለንሰር ደግሞ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ቱቦ ነው። ውስጡ መሐላቸው በተበሳ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው፣ ባፍል ይባላሉ። አረሩ በቀዳዳው ሲያልፍ ጋዙ በየክፍሉ እየተያዘ፣ እየቀዘቀዘ ይወጣል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ ነው ጭቅጭቁ።

ጥያቄ (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)፦ 300 ብላክአውት የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠብመንጃ አለኝ፣ ሳይለንሰር ገጥሜበታለሁ። የፋብሪካው ሰብሰኒክ ጥይት፣ ከድምፅ ቀርፋፋ የሆነው ማለት ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ 220 ግሬን (14 ግራም ገደማ) አረር ራሴ እያፈሰስኩ፣ ቀይ ፓውደር ኮት እየቀባሁ መተኮስ ጀመርኩ። ሬንጅ፣ የተኩስ መለማመጃው ቦታ፣ የማገኘው አንድ ሰውዬ ግን «ሳይለንሰርህን እርሳስ ሞልተህ ነው የምትጥለው» አለኝ። እውነቱን ነው? ቀለሙስ ራሱ ቀልጦ ውስጡ አይጣበቅም?

መልስ፦ ሰውየው ያየውን ነው የሚነግርህ፣ ግን ያየው ሌላ አረር ሳይሆን አይቀርም። ድሮ የፈሰሰ አረር የሚተኮሰው በሰምና በቅባት ተለውሶ ነበር። ያ ቅባት በርሜሉን ይረዳል፣ ሳይለንሰር ውስጥ ሲገባ ግን ጣጣ ነው። ይጨሳል፣ ይቃጠላል፣ ከባሩድ ጥላሸትና ከእርሳስ ብናኝ ጋር ተለውሶ ባፍሎቹ ላይ ይጋገራል። ፓውደር ኮት ሲመጣ ቅባቱ ጭራሽ አላስፈለገም። ለሳይለንሰር ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ይመስለኛል። እርሳሱን መሸፈኑ እንዳለ ሆኖ፣ ያንን ሁሉ ሰም አስቀርቶልናል።

ቀለሙ ቀልጦ ይጣበቃል የሚለውን እርሳው። የዱቄት ቀለሙ መጀመሪያ ኦቨን ውስጥ ይቀልጣል፣ ከዚያ በሙቀቱ ይደርቅና ይጠነክራል። አንዴ በደንብ ከበሰለ ወዲያ ተመልሶ አይቀልጥም። አረሩ በርሜል ውስጥ የሚቆየው ደግሞ ለጥቂት የሰከንድ ሺህኛ ብቻ ነው። አሸዋ ክምር ውስጥ ተኩሰህ አረሩን ፈልገህ ብታወጣው የበርሜሉ ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረው የውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ) የቆረጠው መስመር ጎኑ ላይ ይታያል፣ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። እንዳለ ካላገኘኸው በደንብ አልበሰለም ይሆናል። አብዛኛው ዱቄት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል መጋገር ይፈልጋል፣ የዱቄቱ አምራች የጻፈውን ተከተል። ሰዓቱን የምትቆጥረው ደግሞ አረሩ ራሱ ከሞቀ በኋላ ነው፣ ኦቨኑ ከሞቀ በኋላ አይደለም። መብሰሉን ለማወቅ አንዱን ብረት ላይ አጋድመህ በመዶሻ ጨፍልቀው። ቀለሙ አብሮ ከተለጠጠ ጥሩ ነው። እንደ ቅርፊት ከረገፈ ወደ ኦቨን ይመለስ። ግን ደግሞ ሙቀቱን አትልቀቀው፤ ንጹህ እርሳስ የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ቆርቆሮና አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ከ240 ዲግሪ ጀምሮ ሊለሰልስ ይችላል፤ ርካሽ ኦቨን ደግሞ 200 እያለህ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ እርሳሱ ሳይለንሰር ውስጥ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ የአረሩ ቂጥ ነው። የሚነደው ባሩድ በቀጥታ የሚያገኘው እሱን ነው። አረሮቹን ኦቨን ውስጥ በቂጣቸው አቁመህ ከጋገርካቸው፣ ስታነሳቸው ቀለሙ ከሥር ተልጦ ሊቀር ይችላል። አገላብጠህ እይ። የተራቆተ ቂጥ ያለውን ለሳይለንሰር አትጠቀምበት፣ ያለ ሳይለንሰር ተኩሰው። እዚህ ላይ መዳብ በለበሰ ጥይት ለሚመጻደቁም አንድ ነገር ልበል፦ ተራው መዳብ የለበሰ የወታደር አረር እኮ ከኋላው እርሳሱ ክፍት ነው! የአንተ ቂጡ ድረስ የተሸፈነው በዚህ በኩል ከሱ ይሻላል። ሌላው ምንጭ ፕራይመሩ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው የቀለሃው ቂጥ ላይ ያለው ቁራጭ፣ ነው፤ በብዛት የሚሸጡት ፕራይመሮች ውስጥ የእርሳስ ውህድ አለ። ስለዚህ ምንም ብትተኩስ ትንሽ እርሳስ መግባቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመልስህ፦ ሳይለንሰርህ ይፈታል ወይስ የተበየደ ነው? የ.22፣ የትንሿ ጥይት፣ ሳይለንሰሮች አብዛኞቹ የሚፈቱ ሆነው የሚሠሩት በምክንያት ነው። የ.22 ጥይት ቆሻሻ ነው፣ አረሩም ባዶ እርሳስ ነው፤ ካልተፈታ አይጸዳም። የትልልቅ ጠብመንጃ ሳይለንሰሮች ግን ብዙዎቹ ተበይደው የተዘጉ ናቸው። እሱ ውስጥ የገባ እርሳስ በቀላሉ አይወጣም። የሚፈታ ከሆነ ያለ ሐሳብ ተኩስ፣ አልፎ አልፎ ከፍተህ እይ። የተዘጋ ከሆነ መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ አንብብ፤ አንዳንዶቹ መዳብ ያልለበሰ አረር ጨርሶ ይከለክላሉ፣ ዋስትናውም ከዚያ ጋር ይሄዳል። መመሪያው ከፈቀደልህ ሳይለንሰሩን ዛሬውኑ በግራም መዝነህ ጻፈው፣ በየጊዜው ደግመህ መዝነው። ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ ውስጡ እየሞላ ነው። ከዚህ የበለጠ ዘዴ አያስፈልግህም።

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ ያፈሰስኩትን አረር ያለ ሳይለንሰር ስሞክረው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቀዳዳ አንዳንዴ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ኢላማውን ግን ይመታል። ሳይለንሰሩን ብገጥም ችግር አለው?

መልስ፦ አትግጠም! ሞላላ ቀዳዳ ማለት አረሩ በአፍንጫው ሳይሆን ተንጋዶ፣ በጎኑ ነው ወረቀቱን የመታው። አየር ላይ እየተገላበጠ የሚሄድ አረር የሳይለንሰሩን ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ባፍል ሊመታ ይችላል። ያኔ አንድ ባፍል ከተቦረቦረ እድለኛ ነህ፣ ቱቦው ሊቀደድም ይችላል። ቀዳዳው አንዳንዴ ብቻ ነው ሞላላ የሚሆነው ብለህ አትጽናና። ለዚህ አንዴም ይበቃል።

ምክንያቱን ከዚህ ሆኜ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ የት እንደምትጀምር ግን ልንገርህ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመጠን ነው። የ300 ብላክአውት በርሜል ጥምዙ ሥር ድረስ ሲለካ .308 ኢንች ነው። የፈሰሰ አረር ደግሞ ከዚያ በአንድ ሺህኛ ኢንች ያህል መወፈር አለበት፣ .309 አካባቢ ማለት ነው። ከቀጠነ ጥምዙ በደንብ አይዘውም፣ ሳይሽከረከር ያመልጣል። ቀለሙ ራሱ ውፍረት ስለሚጨምር መጠኑን የምታስተካክለው ከቀባህ በኋላ ነው። ሳትቀባው በፊት ለክተህ «ልክ ነው» ካልክ ልኩ አይደለም። የጥይቱን ውስጥ ሁኔታም አትርሳ፦ አረሩን ቀለሃው ውስጥ ስትገፋው የቀለሃው አፍ ጠባብ ከሆነ ቀለሙን ይልጠዋል፣ አረሩንም ያቀጥነዋል። አንዱን መልሰህ አውጣና ለካው።

ቀጥሎ ርዝመትና ፍጥነት አለ። 220 ግሬን አረር ረጅም ነው፣ ረጅም አረር በፍጥነት መሽከርከር ይፈልጋል። በርሜልህ በየ8 ወይም በየ7 ኢንቹ አንድ ዙር የሚያዞር ከሆነ በቂ ሊሆን ይገባል። በየ10 ኢንቹ ከሆነ ግን ያን የመሰለ ከባድ አረር በሰብሰኒክ ፍጥነት አትሞክርበት።

ጋዝ ቼክ የምትጠቀም ከሆነም እሱን እይ። ጋዝ ቼክ ቂጡ ላይ የምትጠለቅ ትንሽ የመዳብ ቆብ ናት፤ ቂጡን ከነበልባል ትከላከላለች፣ በተለይ አረሩ በፍጥነት ሲሄድ። ግን በደንብ ካልተጨመቀች በረራ ላይ ወልቃ ትወጣለች፣ ሳይለንሰር ውስጥ ከወለቀች ደግሞ ራሷ ባፍል ትመታለች። በጥፍርህ ይዘህ ሞክራት፣ ከተነቃነቀች አትተኩሰው። ለዝግተኛ ሰብሰኒክ ብቻ ከሆነ የምትተኩሰው፣ እኔ በጋዝ ቼክ ፋንታ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ሞልድ ብትገዛ እመርጣለሁ። የሚወልቅ ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ ካስተካከልክ በኋላ ያለ ሳይለንሰር ወረቀት ላይ ተኩስ፣ ቅርብም ራቅም አድርገህ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክብ ሲሆኑልህ፣ ከዚያ የሳይለንሰሩን ቀጥ ማለት በዘንግ አረጋግጥ። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ቀጥ ያለ ዘንግ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ በሳይለንሰሩ ጫፍ መሐል ለመሐል መውጣት አለበት። ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተህ ታዲያ።

ኮሎራዶ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምር። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው። 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 331 ይወርዳል። በበጋ ጭጭ ያለ ጥይት በክረምት ብርድ ድንገት ጅራፍ ሲጮኽ ከሰማህ ሳይለንሰርህ አልተበላሸም። ጥይትህ በብርዱ አየር ከድምፅ ፈጥኖ ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ባለቤቴ ይህን አረሩን የሚጋግረው እኔ ድፎ ዳቦ በምጋግርበት ኦቨን ነው። «እርሳሱ እኮ በቀለም ተሸፍኗል፣ ምንም አያደርግም» ይለኛል። የሁለት ዓመት ልጅ አለን፣ እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከሁሉ ደብዳቤ ያሳሰበኝ ያንቺ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ኦቨን አረር እንዳይገባ።

እርሳሱ የሚሸፈነው ከተጋገረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባዶውን ተነክቷል፣ ተቆጥሯል፣ ዕቃ ውስጥ ተንቀጥቅጧል፣ ትሪ ላይ ተደርድሯል። እጁ፣ ትሪው፣ የኦቨኑ እጀታ፣ የቧንቧው መዝጊያ፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። እርሳስ በ200 ዲግሪ ተንኖ ዳቦሽ ውስጥ አይገባም፣ በዚህ አትጨነቂ። አደጋው ብናኙ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ወለል ለወለል እየሄደ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ፍጡር ነው። ለልጅ አእምሮ ምንም አያደርግም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ የልጅ ደም በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝበት ክትትል ይደረግ ይላል፣ ይህ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። በእርግዝና ጊዜም እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል።

ስለዚህ ለልጁ ሐኪምና ለራስሽ የእርግዝና ክትትል ሐኪም ደውዪ፣ ቤት ውስጥ እርሳስ ይሠራ እንደነበር ንገሪያቸው፣ የደም እርሳስ ምርመራ ጠይቂ። ቀላል የደም ምርመራ ነው። ምናልባት ምንም አይገኝም፣ እሰየው። ኦቨኑንና ኩሽናውን በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና የሚጠርገው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ጨርቁ ይጣላል። በደረቅ መጥረግ ወይም በተራ ቫኪዩም ማጽዳት አይገባም፣ ብናኙን መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል።

የቀረውን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ያገለገለ ትንሽ ኦቨን በጥቂት ዶላር ይገኛል። ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠው፣ ላዩ ላይ «ለምግብ አይደለም» ብለህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍበት። እርሳስ ስታቀልጥ በሩን ክፈት፣ አትብላ፣ አታጭስ፣ ውሃ አጠገብህ አይድረስ፤ አንድ ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባች ድስቱን ፊትህ ላይ ነው የምትረጨው። ያገለገለ ቀለሃ በደረቅ የሚያጸዳው ማሽን አቧራው ከምታስበው በላይ እርሳስ አለው፣ በውሃ የሚያጸዳውን ብትጠቀም ይሻላል። ሳይለንሰር ራሱ ጋዙን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ በተለይ እንደ ኤአር 15 ባሉ ራሳቸው በሚጎርሱ ጠብመንጃዎች፣ ጭሱ ወደ ፊትህ ይመጣል። የሰብሰኒኩ ዝምታ አያታልልህ። ከሬንጅ ስትመለስ ጫማህን ደጅ አውልቅ፣ ልብስህን ለብቻው እጠብ፣ ልጅህን ሳታቅፍ በፊት እጅና ፊትህን ታጠብ። አንተም ደምህን ተመርመር።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሳይለንሰሬ የሚፈታ ነው። ባፍሎቹ ላይ የተጋገረውን እርሳስ በኮምጣጤና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ዘፍዝፈው ይለቃል አሉኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ ይለቃል። እኔ ግን አልመክርህም። ድብልቁ እርሳሱን አጥፍቶት አይደለም የሚያጸዳው፣ ሌድ አሲቴት ወደሚባል በውሃ የሚሟሟ ጨው ይለውጠዋል። የባፍሉ ላይ ደረቅ እርሳስ ብዙም አያስቸግርህም፤ የተሟሟው ግን ሰውነት ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። የጥንት ሰዎች ወይን ያጣፍጡበት ነበር፣ ጉዳቱን ሳያውቁ። ልጅ ወይም ውሻ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር በባልዲ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ጀብድ ነው? ደግሞ ባፍሎችህ አሉሚኒየም ከሆኑ ድብልቁ እነሱንም ይበላል።

በእጅ ጓንት፣ በዘይት ወይም በሶልቬንት አርጥበህ፣ በናስ ብሩሽ ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቀው። እርጥብ መሆኑ ብናኙን ይይዘዋል። ፓውደር ኮት ያለውን ብቻ ከተኮስክ አብዛኛው የሚወጣው ጥላሸት ነው። አሁን ዘፍዝፈኸው ከሆነም ፈሳሹን ሽንት ቤትም ሆነ ግቢ እንዳትደፋው፣ በሚዘጋ ዕቃ አድርገህ ካውንቲህ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰደው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ሌላ አንባቢ)፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ሳይለንሰር መግዛት እችላለሁ? 200 ዶላሩ ቀረ የሚሉትስ እውነት ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ ቀርቷል። ከ1934 ጀምሮ ሲከፈል የቆየው 200 ዶላር የፌዴራል ግብር ከጥር 2026 መግቢያ አንስቶ ለሳይለንሰር ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው ግን አልቀረም። ፎርም 4 የሚባለው ማመልከቻ፣ አሻራ፣ ፎቶ፣ ከዚያ የመንግሥት ፈቃድ መጠበቅ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ዜሮ ዶላር ሰምቶ ዝም ብሎ ኢንተርኔት ላይ «የመሣሪያ ማጽጃ» እየተባለ የሚሸጠውን ቱቦ ያዘዘ ሰው ያልተመዘገበ ሳይለንሰር ይዞ ሊገኝ ይችላል፣ እሱም ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ከላይ ለኮሎራዶው ወንድማችን ማለት የነበረብኝም ይሄው ነው፦ ባፍል ብቻውን በሕግ ፊት እንደ ሳይለንሰር ይቆጠራል፣ ስለዚህ ከተመታብህ መለዋወጫ ገዝተህ አትጠግነውም፣ ወደ አምራቹ ትልከዋለህ።

ግሪን ካርድ በፌዴራል ሕግ አይከለክልህም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም፤ ጓደኛው ሬንጅ ላይ ቢያቀብለውም ያው ነው። የኢሚግሬሽን ማመልከቻው ሂደት ላይ ያለ ሰው መሣሪያ ሳይነካ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ።

አንተ ያለህበት አካባቢ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ሳይለንሰር በ42 ክፍለ ግዛቶች ይፈቀዳል፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን አይፈቅድም፣ ኒውዮርክና ኒውጀርሲም እንደዚያው። ከሬንጅ ስትመለስ ዲሲ ጎራ ብለን ክትፎ እንብላ ካሉህ መጀመሪያ ቤት ሄደህ ዕቃህን አስቀምጥ።